ከእኔ በቀር ሁሉም ይንቀራፈፋል

ጥር 3፣ ሰኞ

ዛሬ ቀረጻ ጀመርን። ስቱዲዮ ይሉታል እንጂ የፍራሽ መጋዘን ምድር ቤት ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ተብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ከላይ ከመጋዘኑ የተረፈ ነው። አንደኛው ላይ «ለወገብ ሕመም ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ እስካሁን ይነበባል። የመጀመሪያ አልበማችን የሚወለደው እንግዲህ እዚህ ነው። ለወገባችን ብቻ አንሰጋም።

ባለስቱዲዮውን «ሳሙና» ብዬዋለሁ። ዕድሜውን የፈጀው ለሳሙና ማስታወቂያ ዜማ ሲሠራ ነው። ምን ይደረግ፣ ድራም የሚያስገባ ሰፊ ክፍል ያለው እሱ ብቻ ሆነ። እጄን ጨብጦ፣ «ሃርድ ሮክ ቀርጬ አላውቅም፤ ግን ድምፅ ያው ድምፅ ነው» አለኝ። ድምፅ ያው ድምፅ ነው! ቤት ቀቢ «ቀለም ያው ቀለም ነው» ብሎ ሥዕል ቢጀምር እንደ ማለት ነው።

ባንዳችን ዝገት ይባላል። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዘፈኖቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊድ ጊታሩም እኔው ነኝ። ዘፋኟ ቀን ቀን ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ «አፍዎን ይክፈቱ» ሲባል ሰምታ ሰምታ እሷም ከፍታው ቀረች። ሳይረን እንላታለን። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ድንጋዩ ነው። በወር አንዴ ቢናገር ነው፣ እሱም «ራበኝ» ለማለት። ድራሙ ላይ ታናሽ ወንድሜ አለ። ልጆች ሳለን ከኋላዬ ስለማይጠፋ የሰፈሩ ሰው ጭራ አለው። ሠላሳ ሊሞላው ነው፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም። ላውንድሪ ቤት ነው የሚሠራው። የሰው አንሶላ ሲያጥብ ይውልና ከሥራ በኋላ ከእኔ ጋር ሮክ ይመታል።

ከእነዚህ ጋር ነው ታሪክ የምሠራው።

ጥር 5፣ ረቡዕ

ምንም አልተቀረጸም። ሳሙና ሽቦ ሲፈልግ ዋለ። ሽቦው እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ተገኘ።

ጥር 7፣ ዓርብ

«ምላጭ»ን ጀመርን፤ የአልበሙ መክፈቻ እሱ ነው። ሳሙና ሄድፎናችን ውስጥ ክሊክ ከተተልን። ክሊክ ማለት እንደ ግድግዳ ሰዓት ቲክ ቲክ የሚል የማሽን ድምፅ ነው። ባንዱ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ፍጥነት እንዲይዝ ይረዳል ይላል። እኔ ክሊክ አልወድም። ሮክ የሚመጣው ከደም ነው፣ ደም ደግሞ ቲክ ቲክ አይልም። ቢሆንም «እርስዎ እንዳሉ፣ ጋሼ» አልኩት። ፊት ለፊት ጋሼ ነው የምለው፤ ሳሙና የምለው እዚህ ብቻ ነው።

ዘፈኑን ገና ሳናጋምሰው አስቆመን። «ድራሙና ክሊኩ ተለያዩ» አለ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስተዋት ጀርባ።

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። «ጭራ፣ ምን ሆነሃል?»

«ይቅርታ፣ ወንድም ጋሼ።»

እንደገና ጀመርን። እንደገና ተለያዩ። እንደገና ይቅርታ። ወንድሜ ምቱ የማይዛነፍበት ይቅርታ ሲል ብቻ ነው።

ስንወጣ ሳይረን ወንድሜን ደረጃው ላይ ይዛ ስትንሾካሾክ ሰማሁ። «ለምን አትነግረውም?» ትለዋለች። «ተይው፣ ሲጠብቀው የኖረው ቀን ነው» አላት። ምን እንደማይነግረኝ አውቄዋለሁ። ልምምድ አላደረገም፣ ሌላ ምን ይሆናል?

ጥር 11፣ ማክሰኞ

ሥራ ቦታ። የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ የሚውል ሰው በሰው ልጅ ላይ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ዛሬ አንዱ ገብቶ ጊታር አወረደና አገላብጦ ካየው በኋላ፣ «ይሄ ከዘፈን ጋር ነው የሚሸጠው?» አለኝ። «አይ፣ ዘፈኑ ለብቻው ነው» አልኩት። «እሺ፣ አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። አስብበት ወንድሜ፣ ጊዜ አለህ።

ቀረጻ የለም። ወንድሜ የማታ ተራ ገብቷል። የጣቶቹ መገጣጠሚያ በላውንድሪው ኬሚካል ተሰነጣጥቋል፤ ዱላውን ሲይዝ ፊቱን ያጨማድዳል። ቅባት ልገዛለት አስቤ ረሳሁት።

ጥር 14፣ ዓርብ

ተገኘ! ሳሙና የቀረጸውን በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ አሳየኝ። ክሊኩ እንደ አጥር እንጨት በእኩል ርቀት ተተክሏል። የወንድሜ ምት ግን ከእያንዳንዱ እንጨት ትንሽ ትንሽ እየቀደመ ይሄድና መጨረሻ ላይ አጥሩን ዘሎ ሰው ማሳ ገብቷል። እየሮጠ ነው! ጭራ ከራሱ ቀድሞ እየሮጠ ነው።

«የጊታሩንም ልክፈትልህ?» አለኝ ሳሙና።

«አያስፈልግም፣ ጋሼ» አልኩት። ችግሩ ከታወቀ መድከም ምን ያደርጋል?

ወንድሜን ጠርቼ ስክሪኑን አሳየሁት። «እስቲ ንገረኝ፣ ለምን ትሮጣለህ? ማነው የሚያባርርህ?»

ስክሪኑን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ሳቀ። ረጅም ሳቅ አይደለም፣ በአፍንጫው እፍ የሚላት ዓይነት ናት። ምን እንዳሳቀው አልገባኝም። ሳይረን ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ድንጋዩ የቤዙን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያጠብቃል።

ሰው ፊት ባልቆጣው ይሻል ነበር። ግን በጥበብ ሥራ ላይ ማለሳለስ ምን ያደርጋል?

ጥር 19፣ ረቡዕ

ዛሬ የሚደረገውን አደረግኩ። በአጭሩ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም የሚያስረዝመው ነገር የለም።

ሁሉንም ስቱዲዮው ደረጃ ላይ ሰበሰብኩና፣ «ለቀረጻው ብቻ በሙያው የሚተዳደር ድራመር እናመጣለን። መድረክ ላይ ጭራ ይመለሳል» አልኩ። በጥሩ ቃል ነው የተናገርኩት። «ለሁላችንም ስል» የሚልም ጨምሬበታለሁ።

ሳይረን ያው ሳይረን ነች፤ ጮኸች። «አንተ ምን ነክቶሃል? ወንድምህ እኮ ነው!»

«ቤት ውስጥ ወንድሜ ነው። እዚህ ድራመር ነው።»

«ታዲያ ድራመር መሆኑን አንተ አውቀኸዋል?»

ይህ ጥያቄ መልስ አያስፈልገውም። ወደ ወንድሜ ዞርኩ፣ ምን ይላል ብዬ። ይሟገታል ብዬ ጠብቄ ነበር። መልስ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«እሺ» አለ።

ከዚያ ገብቶ ሲምባሎቹን፣ እነዚያን የድራሙን የናስ ሳህኖች፣ ፈታታ፤ የራሱ ናቸው። አንድ በአንድ በነጭ አንሶላ ጠቀለላቸውና አቅፏቸው ወጣ። በሩን እንኳን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢያላትመው ምን አለበት?

ድንጋዩ ቤዙን ሳጥኑ ውስጥ እያስተኛ፣ «ጥሩ አላደረግክም» አለኝ። ከ«ራበኝ» ሌላ ቃል መቻሉን ዛሬ አወቅኩ።

ጥር 20፣ ሐሙስ

ትናንት እራት ላይ አልተገኘም። አባባ ሁለት ጊዜ ሳህኑን አዩት። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ባዶ ሳህን ለሳቸው ማስረጃ ነው። «የማታ ተራ ገብቶ ነው» አልኳቸው። የማታ ተራው ባለፈው ሳምንት ነበር። ያውቃሉ።

ጥበብ ዘመድ አያውቅም። ይህን በትልቁ ጽፌ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነበር፤ ፕላስተር አጣሁ።

ጥር 24፣ ሰኞ

አዲሱ ድራመር መጣ። ሙያው ሠርግ ነው። ባል ሲያገባ ይመታል፣ ሚስት ስታገባ ይመታል፣ ሲፋቱ ባለመጥራታቸው ያዝናል። «ሙሽራው» ብዬዋለሁ። ሃርድ ሮክ ሊቀርጽ የመጣው የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጅጌውን እኩል እኩል ሁለት ጊዜ አጥፎ ነው። ላብ የሚባል ነገር አያውቀውም። የዱላውን ጫፍ በመሀረብ ይወለውላል።

«ምላጭ»ን ጀመርን። ሰውዬው ሥጋ የለበሰ የግድግዳ ሰዓት ነው። እኔ እገፋለሁ፣ እሱ ንቅንቅ የለም። የቆመ መኪና እንደ መግፋት ነው፤ ያውም ፍሬን የተያዘ።

ሳሙና አስቆመን። «ጊታሩ ቀደመ።»

«ድራሙ ዘግይቶ ነው» አልኩ።

ሙሽራው መሀረቡን አወጣ። «እኔ ክሊኩ ላይ ነኝ፣ ጌታዬ።»

ጌታዬ! እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ብቻ ቀረው።

ጥር 26፣ ረቡዕ

ክሊኩ ይንቀራፈፋል።

ለሳሙና ነገርኩት። «ጋሼ፣ ማሽንዎ ችግር አለበት፣ መሀል ላይ ያዘግማል» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ክሊክ አያዘግምም። ቁጥር ነው። ቁጥር አይደክመውም» አለኝ።

«እንግዲያው ፍጥነቱን ይጨምሩት።»

ጨመረው። ጥቂት እንደሄድን እሱም አዘገመ። እንደገና አስጨመርኩት። እንደገና አዘገመ። በስተመጨረሻ ሳይረን ሄድፎኗን አውልቃ ወንበር ላይ ወረወረችው። «ቃሉ አፌ ውስጥ አልገባ አለ! ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ጨረታ?»

እሷ መተንፈስ ስላቃታት አልበሙ ይተኛ? ሳንባ ያላት መስሎኝ ነበር።

ሙሽራው ግን አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። በጣም የሚያናድደው ይሄ ነው።

የካቲት 2፣ ማክሰኞ

ወንድሜ ከቤት ወጣ። ከላውንድሪው በላይ ያለች ክፍል ተከራይቷል። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ መጥቶ ልብሱን ወሰደ። አልጋውን አንጥፎ ነው የሄደው፤ ጥርት አድርጎ፣ እንደ ሆቴል። የራሴን አላነጠፍኩም ነበር፣ እሱንም አንጥፎልኛል።

አባባ ሳሎን ጠበቁኝ። ሬዲዮኑን አጥፍተዋል። ሬዲዮን ሲያጠፉ ችሎት ተሰየመ ማለት ነው።

«ልጄን ምን አድርገህ ነው ያባረርከው?»

«አላባረርኩትም፣ አባባ። ከቀረጻው ብቻ ነው።»

«ከሱ ሌላ ምን ነበረው?»

«ሥራ አለው። ጓደኞች አሉት።»

«ጓደኞቹ ያንተ ጓደኞች ናቸው። ያንን ነገር የሚደበድበው አንተን ብሎ ነው። አምስት ዓመቱ ነበር፣ አንተ ጊታር ስትይዝ እሱ የእናታችሁን ድስት ገለበጠ። እኔ ነኝ ያየሁት።»

አባባ ሕግ ያውቃሉ። ሙዚቃ አያውቁም። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። «እሺ፣ አባባ» ብዬ ገባሁ። ዛሬ «እሺ» የማለት ወረርሽኝ ገብቷል መሰለኝ።

የካቲት 5፣ ዓርብ

ለማጣራት ያህል ነው። ሱቃችን ውስጥ ሦስት ሜትሮኖሞች አሉ፤ እነዚያ ተማሪዎች የሚለማመዱባቸው፣ ዘንጋቸው ወዲያ ወዲህ እያለ የሚመቱ ሳጥኖች። ደንበኛ ሲጠፋ ሦስቱንም አስነሳሁና ጊታር ይዤ «ምላጭ»ን ተጫወትኩ።

ሦስቱም ያዘግማሉ። ለዚህ ነው የዛሬ ልጆች ሙዚቃ የማይችሉት።

ለባለሱቁ ነገርኩት፤ ዕቃው ብልሽት አለበት፣ ለአስመጪው ይመለስ አልኩት። ሻዩን ይዞ መጣና ጆሮውን ጣል አደረገ። «ሦስቱም እኩል ይመታሉ?» አለኝ።

«አዎ፣ እኩል ነው የሚመቱት።»

«እንግዲህ» አለኝና ሻዩን ፉት አለ።

ምን «እንግዲህ» ነው? የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር የማይጨርሱ ሰዎች ደስ አይሉኝም።

የካቲት 9፣ ማክሰኞ

ሙሽራው ተሰናበተ። እኔ ሳላሰናብተው በራሱ ጊዜ ሄደ፤ ይሄ ነው የቆጨኝ።

ዱላዎቹን በመሀረብ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ እጅጌውን ዘረጋ፣ አዝራሩን ቆለፈ፣ ከዚያ ነው የተናገረው። «ጌታዬ፣ እኔ ሠርግ ላይ ሙሽሪት እስክትመጣ እጠብቃለሁ። የሰከረ ሚዜ ማይክ ነጥቆ ሲዘፍንም ጠብቄ አውቃለሁ። እርስዎን ግን እንዴት አድርጌ ልጠብቅዎ? ወደፊት የሚጠበቅ ሰው አላጋጠመኝም።»

«ባንድ ውስጥ ተጫውተህ ስለማታውቅ ነው» አልኩት።

አልተቆጣም። «ባለስቱዲዮው የፊተኛውን ቀረጻ አሰምቶኛል። ያ ልጅ ወንድምዎ ነው አሉ። እኔ ሃያ ዓመት መትቻለሁ፣ እሱ የሚያደርገውን ማድረግ አልችልም። እርስዎ ከመሮጥዎ በፊት የት እንደሚሮጡ ያውቃል፣ ቀድሞ ደርሶ ያነጥፍልዎታል። እኔ ባነጥፍልዎ እንኳ አይረግጡልኝም።» ጨበጠኝ። መዳፉ ደረቅ ነው። ወጣ።

ሳሙና ከመስተዋቱ ጀርባ ተቀምጧል። ሳይረንና ድንጋዩ ሻይ ሊጠጡ ወጥተዋል፤ ወይም ሆን ብለው ነው። «እስቲ የፊተኛውን ይክፈቱልኝ» አልኩት።

«ጊታሩን ለብቻ?»

ያን ቀን አያስፈልግም ያልኩትን ዛሬ «አዎ» አልኩ።

ከፈተው። ጊታሬ ለብቻው ከክሊኩ ጋር። የምጽፈው እውነቱን ነው፣ ይህን የሚያነብ የለም፦ ትንሽ ቀድሜያለሁ። ትንሽ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ፣ መሀል ላይ ከትንሽ ከፍ ያለ። ብቻዬን የምጫወትበት ሶሎ ጋ ስደርስ ውሻ ያባረረው ሰው ነው የምመስለው። አንድ እግር ጫማው የወለቀ።

ሳሙና የወንድሜን ድራም ጨመረበት። ያው ጊታር፣ ያው ሩጫ፣ ግን አሁን ሙዚቃ ነው። ውሻው ጠፋ። ሰውዬው ሊሮጥ ፈልጎ የሮጠ መሰለ።

«ልጁ ሁለት ምርጫ ነበረው» አለ ሳሙና። «ወይ ክሊኩን፣ ወይ አንተን። ክሊኩን ቢይዝ አንተ ትጋለጣለህ። የያዘው አንተን ነው፤ ሲሰደብም አልተነፈሰም። እኔ ልናገር ስል በዓይኑ ከለከለኝ።»

«ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ...» ብዬ ጀመርኩ። ግን ነግረውኛል። ሁሉም ነግረውኛል። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርሰው ቀረሁ።

የካቲት 10፣ ረቡዕ

ሥራ አልገባሁም። ራስ ምታት።

የካቲት 11፣ ሐሙስ

ራስ ምታት። አባባ ገብተው መጋረጃውን ከፈቱ፣ አዩኝ፣ ወጡ።

የካቲት 13፣ ቅዳሜ

ላውንድሪው ሄድኩ። መንገድ ላይ የምለውን አዘጋጅቻለሁ። መግቢያም፣ ሐተታም፣ መደምደሚያም ነበረው። በሩን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፣ ንግግሬም አብሮ ተነነ።

ወንድሜ ከኋላ ነው። አንድ ጎን ሙሉ ማሽን እየዞረ ይጮሃል። እሱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ አንሶላ ያጥፋል። የሆቴል አንሶላ ነው፣ ነጭ። አየኝ፣ ማጠፉን አላቆመም።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። ወንድም ጋሼ የለም። እስከ ዛሬ ያ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ሲጎድል ሰማሁት።

«ያ የሠርግ ድራመር ሄደ።»

«ሰምቻለሁ።»

«አይረባም ነበር።»

«ይረባል። ከከተማው አንደኛ ነው።»

አንሶላውን ዘርግቶ አንዱን ጫፍ ወደ እኔ ወረወረው። ያዝኩት። ሁለት ሆነን ማጠፍ ጀመርን። እሱ ወደ እኔ ሲመጣ እኔ ወደ እሱ እሄዳለሁ፣ ጫፍ ለጫፍ እናገጣጥማለን፣ እንመለሳለን። ሁለት ጊዜ ቀድሜው ደርሼ አንሶላው መሬት ነካ። መልሶ ወደ መታጠቢያው ቅርጫት ጣለው።

«ለምንድነው ያልነገርከኝ?» አልኩት።

«አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ነገርኩህ። ‹ወንድም ጋሼ፣ ትቸኩላለህ› አልኩህ። አንድ ወር ሙሉ አላናገርከኝም። እራት ላይ ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ በእናታችን በኩል ነበር የምትልክብኝ። ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። ግን እኔ የማስታውሰው እሱ እንዳኮረፈኝ ነው።

«ከዚያ በኋላ መከተል ቀለለኝ» አለ። «ትከሻህን ነው የማየው። ልትሮጥ ስትል ግራ ትከሻህ ከፍ ይላል። ሰው ሁሉ ድራመር ባንዱን ይመራል ይላል። እኔ አንድ ቀን መርቼ አላውቅም። ደከመኝ፤ እጄን አይደለም።»

ማሽኖቹ ይጮሃሉ። አሁን ነው የምለው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አንድ ነው፣ እሱ ለእኔ በቀን አምስት ጊዜ ይለው ነበር።

«አንሶላ አስተጣጠፍህ ጥሩ ነው» አልኩት።

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። በዚህ ምላስ ነው ለአንድ አልበም የሚበቃ ግጥም የጻፍኩት።

ወንድሜ አየኝና ያቺን በአፍንጫው የምትወጣ ሳቅ ሳቀ። ዛሬ ምን እንዳሳቀው ገብቶኛል። «ለአንድ ቀን ብቻ እመጣለሁ» አለ። «ክሊክ የለም። አራታችንም አንድ ክፍል፣ አንድ ላይ። አንተ ከፊቴ ትቀመጣለህ፣ እጄን ታያለህ። ከቀደምከኝ አቆማለሁ። ከተናደድክ እወጣለሁ።»

«እሺ» አልኩት።

የካቲት 20፣ ቅዳሜ

በቁርጥራጭ ነው የምጽፈው፣ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለዋል።

ጠዋት። ሳሙና ማይክ ሲተክል አረፈደ። ወንድሜ ሲምባሎቹን ከአንሶላ ፈታ። ቅባት ገዝቼ ነበር፣ ከወንበሩ ሥር አስቀመጥኩለት። «ይሄ የማነው?» አለ። «እኔ እንጃ» አልኩ።

«ምላጭ»። አቆመኝ። «ምላጭ»። አቆመኝ። ሦስተኛው ላይ ጥርሴን ነክሼ ዱላውን ብቻ አየሁ። እጁ ሲወርድ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ለካ ምቱ የሚመጣው ዱላው የድራሙ ቆዳ ላይ ሲያርፍ አይደለም፣ ከላይ ሆኖ ሲወስን ነው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ እሱ ከመወሰኑ በፊት ነበር የምደርሰው።

አራተኛው ላይ አላቆመኝም።

ፍጥነቱ እኔ ከጻፍኩት ይዘገያል። ይከብዳልም። የብረት በር ሲዘጋ የሚሰማው ክብደት አለው። ሳይረን በመጨረሻ የምትተነፍስበት ቦታ አገኘች፣ እንዲህ መዝፈን እንደምትችል ነግራን አታውቅም ነበር። ልነግራት አስቤ፣ «ሁለተኛው አንጓ ላይ ትንሽ ዘግይተሻል» አልኳት። ልማድ ነው። «ደህና ነህ አንተ፣ አልተለወጥክም» ብላ ሳቀች።

እስኪመሽ የቀሩትንም ዘፈኖች በዚያው መልክ ቀርጸን አልበሙ አለቀ። መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ቤዙን አስቀምጦ ወንድሜን አቀፈው። ከዚያ «ራበኝ» አለ።

ሲምባሎቹን ሲጠቀልል አጠገቡ ቆምኩ። «መድረክ ላይ መቼ...»

«አልመጣም። አልበሙን ጨርሼልሃለሁ። ሙሽራው የምትለው ሰውዬ በራሱ ባንድ ውስጥ ሁለተኛ ድራመር ይፈልጋል፤ እሺ ብዬዋለሁ።»

«ሠርግ?» አልኩ። «ከሮክ ወደ ሠርግ?»

«እዚያ እኔን ይጠብቁኛል» አለ።

ብዙ መልስ ነበረኝ። ስለ ሠርግ ሙዚቃ አንድ ደብተር ሙሉ መሳደብ እችላለሁ። ሲምባሎቹን ተቀብዬ እስከ ታክሲ ተሸከምኩለት። «ይቅርታ» አልኩት፤ የታክሲው በር ሲዘጋ ነው ያልኩት። የሰማኝ አይመስለኝም። በመስኮቱ እጁን አወዛወዘልኝ፣ ለይቅርታዬም ለስንብትም ሊሆን ይችላል።

መጋቢት 9፣ ሐሙስ

ሳሙና ድምፆቹን እያመጣጠነ ነው። ጊታሩን ከፍ ያድርጉልኝ እንዳልል ራሴን ይዣለሁ። ዛሬ ግን አንድ ጊዜ ብቻ አልኩ። ከፍ አደረገው። ሰማሁት። «ይመልሱት፣ ጋሼ» አልኩት። ዞሮ አየኝ፤ የታመምኩ መስሎት ውኃ አቀረበልኝ።

ይህ ሰው ምንም አያውቅም ብዬ ነበር። ሳሙናም አንዳንዴ ያጸዳል።

ሚያዝያ 3፣ እሑድ

አልበሙ ወጣ። አንድ የሬዲዮ ሰው «ከባድ፣ የተረጋጋ፣ ትዕግሥት ያለው ሮክ» አለን። ትዕግሥት! ሳይረን ደውላ ይህን ስትነግረኝ በሳቅ ትንፋሿ ተቆረጠ።

አዲስ ድራመር እየፈተንን ነው። እስካሁን አራት መጥተዋል። ሁሉም ይንቀራፈፋሉ ልል ነበር። ሁለቱ ይንቀራፈፋሉ። በሁለቱ ግን የምሮጠው እኔ ነኝ።

ከምሳ በኋላ አባባ ሬዲዮኑን አጥፍተው ሳሎን ጠሩኝ። «እስቲ ያንን ነገራችሁን አሰማኝ» አሉ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ከፈትኩላቸው። ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ምስክር እንደሚሰሙ ሆነው ሰሙ። ሳይረን ስትጮህ አልደነገጡም። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ከቦታቸው አልተነሡም። ሲያልቅ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ወንድምህ የቱ ጋ ነው?»

«ድራሙ ነው፣ አባባ።»

«ድራሙ የቱ ነው?»

«ከሥር ያለው። ሌላውን ሁሉ የተሸከመው፣ እንዳይወድቅ ይዞ ያቆመው... እሱ ሁሉ እሱ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ታዲያ አንተ ምን ሠራህ?»

«ጮህኩበት» አልኳቸው።